የሞተር ድምፅን በከተማ ደንብ መግታት፦ ለወሎ ከተሞች የአማራጮች ንጽጽር

መብራት በጠፋ ቁጥር በደሴ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በየሱቁ ደጃፍ ጄኔሬተር ይነሳል። በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅና በባቲም ሁኔታው ከዚህ ብዙ አይለይም። ብየዳ ቤቱ ብረት የሚቆርጠው ከመኖሪያ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ ነው፤ በናፍጣ የሚሠራው ወፍጮም ጭስና ድምፁን የሚለቀው ወደ መንደር ነው። ሁሉም የሰው እንጀራ ናቸው። በዚያው ልክ ግን ሕመምተኛ የተኛበትን፣ ልጅ የሚያጠናበትን፣ ሌሊቱን በሥራ ያሳለፈ ሰው የሚያርፍበትን ቤት ያውካሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለከተማ ምክር ቤት አባላት፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለደንብ ማስከበር ባለሙያዎች፣ ለቅሬ (ለመንደር እድር) ሰብሳቢዎች እንዲሁም አቤቱታ ለማቅረብ ለሚያስቡ ነዋሪዎች ሲሆን፣ ዓላማው ድምፅን ለመግታት ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው በየትኛው ሁኔታ እንደሚሻል ማሳየት ነው።

ሚዛኔን አስቀድሜ ልግለጽ። አንድ ደንብ ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ጥሰቱን ማን ያያል? በምንስ ያረጋግጠዋል?» የሚለው ነው። የሞተር ድምፅ ሳይታሰብ ተነስቶ ሳይታሰብ ይቆማል፤ የደንብ አስከባሪ ተጠርቶ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ጥብቅ ከሆነ ነገር ግን በሠለጠነ ባለሙያና በውድ መሣሪያ ብቻ ከሚረጋገጥ ደንብ ይልቅ፣ ለዘብ ቢልም ጎረቤት በሰዓቱና በዓይኑ ሊመሰክርበት የሚችል ደንብ ይበልጥ ይሠራል።

ከቅጠል ሞተር የሚገኝ ትምህርት

በአሜሪካ ከተሞች ግቢ የሚያጸዱ ሠራተኞች በጀርባቸው የሚያዝሉት፣ በቤንዚን የሚሠራና የረገፈ ቅጠልን በአየር ግፊት እየገፋ የሚሰበስብ ትንሽ ሞተር አለ። በእኛ አገር ቅጠል በመጥረጊያ ስለሚጠረግ ይህ መሣሪያ እምብዛም አይታወቅም። በእሱ ላይ የወጡት ደንቦች ታሪክ ግን ለእኛ ጄኔሬተርና ወፍጮ በጣም የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው አነስተኛ ነው፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ይተዳደሩበታል፣ ድምፁንም ጥቅሙ የማይደርሳቸው ብዙ ሰዎች ይሰሙታል። በካሊፎርኒያ የምትገኘው ካርሜል የተባለች ትንሽ ከተማ መሣሪያውን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1975 ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ሌሎች ከተሞች የሰዓት ገደብን፣ የወቅት ገደብን፣ የዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ወሰንን፣ የርቀት ወሰንንና ሙሉ ክልከላን በየተራ ሞክረዋል። እነሱ በሞከሩት ላይ ተመሥርተን መምረጥ ስንችል ሁሉንም ከባዶ መጀመር አይገባንም።

በእጃችን ያለው ሕግ

አዲስ ደንብ ከመረቀቁ በፊት ያለው መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው ስለ ድምፅ የተጻፈ ሕግ የለም ብሎ ያስባልና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለንብረት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ ሲመዘንም የአካባቢው ልማድና የቦታው አቀማመጥ ከግምት እንዲገባ ያዛል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ለድምፅ ከፍተኛ ወሰን የሚወስን ደረጃ እንዲወጣ ያዘዘ ሲሆን፣ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት እንደሚችሉና የላላ ግን ማውጣት እንደማይችሉ ያስቀምጣል። በዚህ አዋጅ መሠረት አቤቱታ ለማቅረብ የግል ጉዳትን ማስረዳት አያስፈልግም። ማንኛውም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

በአገር አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው የድምፅ ወሰን በመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ አካባቢ 65 እና 55፣ በኢንዱስትሪ አካባቢ 75 እና 70 ዴሲቤል ነው። ቀን የሚባለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ሲሆን የቀረው ሌሊት ነው። እንግዲህ የከተማ ምክር ቤት የሚጠበቅበት አዲስ ወሰን መፍጠር ሳይሆን ይህ ወሰን በመንደር ውስጥ የሚከበርበትን መንገድ መቀየስ ነው። የአማራጮቹ ንጽጽር የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የሰዓት ገደብ

ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ለማስከበር ሰዓት ከማየት በቀር ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጎረቤት ምስክር መሆን ይችላል፣ ድርጅቱም ምን እንደተከለከለ አስቀድሞ ያውቃል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ብየዳ፣ ብረት መቁረጥና ወፍጮ እንዲቆም ቢደነገግ ከአገር አቀፉ የሌሊት ወሰን ጋር ስለሚገጥም በሕግ ረገድም ጠንካራ መሠረት ይኖረዋል።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያውክ ድምፅ በሰዓት ገደብ አንዲት ዴሲቤል አይቀንስም፤ ከወፍጮ ቤት ጎን የተኛ ሕመምተኛ ቀኑን እንደተሰቃየ ይውላል። ሁለተኛ፣ ጄኔሬተር የሚነሳው ባለቤቱ በመረጠው ሰዓት ሳይሆን መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ያለው ፋርማሲ፣ ጤና ጣቢያና ሌሊት የሚጋግር ዳቦ ቤት ከገደቡ ውጭ መሆናቸው በደንቡ ውስጥ በስም ተለይቶ መጻፍ አለበት፤ «አስፈላጊ አገልግሎት» ተብሎ በጥቅሉ ከታለፈ ሁሉም ነጋዴ አስፈላጊ ነኝ ይላል፣ አስከባሪውም ለመከልከል የሚይዘው ነገር ያጣል።

የሰዓት ገደብ ዘመድ የሆነው የወቅት ገደብ ነው። በኦሪገን ግዛት የምትገኘው ፖርትላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ደንብ ከ2026 ጀምሮ የቤንዚን ቅጠል ሞተር ቅጠል በሚረግፍባቸው ሦስት ወራት ብቻ እንዲሠራ ፈቅዳለች፤ ከ2028 ጀምሮ ደግሞ ፈጽሞ ይቀራል። እኛ ዘንድ ተመሳሳዩ የሚሆነው የበዓል ዋዜማ ነው። ከፋሲካና ከረመዳን በፊት ባሉት ቀናት ወፍጮ ቤት ሥራ እንደሚበዛበት ወሎ ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ለእነዚያ ቀናት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተብሎ በግልጽ ቢራዘም ደንቡ ይበልጥ ይከበራል። ሰው ሊጠብቀው የማይችለው ደንብ በአንድ ሳምንት ከተጣሰ ዓመቱን ሙሉ እንደተጣሰ ይቀራል።

የዴሲቤል ወሰን

በጽሑፍ ሲታይ ፍትሐዊው መንገድ ይህ ይመስላል፤ የሚለካው ጉዳቱ ራሱ ነውና። በተግባር ሲታይ ግን ብዙ ከተሞችን ያደከመው አማራጭም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

ዴሲቤል እንደ ሜትርና ኪሎ እኩል እየተደመረ የሚሄድ ልኬት አይደለም። የድምፅ ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ቁጥሩ የሚጨምረው በ3 ብቻ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ደግሞ ቁጥሩ በ10 ገደማ ሲጨምር ነው። ሜዳ ላይ ከአንድ ሞተር የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በሄደ ቁጥር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ይህን ይዘን አንድ ሒሳብ እንሥራ። መከለያ የሌለው የተለመደ የቤንዚን ጄኔሬተር በ7 ሜትር ርቀት ላይ 70 ዴሲቤል ያሰማል እንበል። በ14 ሜትር 64፣ በ28 ሜትር 58 ይሆናል፤ የመኖሪያ አካባቢውን የቀን ወሰን ለማሟላት 40 ሜትር ገደማ፣ የሌሊቱን ለማሟላት ደግሞ ወደ 125 ሜትር መራቅ ይኖርበታል። ድምፁ የታፈነና መከለያ ያለው ጄኔሬተር በዚያው በ7 ሜትር ላይ 55 ዴሲቤል ቢያሰማ፣ የቀኑን ወሰን እዚያው ያሟላል፤ ለሌሊቱም 22 ሜትር ይበቃዋል። በደሴ መሐል ከተማ ከጎረቤት 125 ሜትር የሚርቅ ሱቅ ማግኘት አይቻልም፤ በ22 ሜትር ግን ቢያንስ መነጋገር ይቻላል። ይህን ስሌት የሠራሁት ልዩነቱን የሚያመጣው የመሣሪያው ዓይነት መሆኑ እንዲታይ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ ችግር እንመለስ። ለፍርድ የሚበቃ ልኬት ለማግኘት መሣሪያው በየጊዜው የሚስተካከል መሆን አለበት፤ የስልክ መተግበሪያ ግምት ይሰጣል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። የሚለካው ድምፅ ከአካባቢው ድምፅ በደንብ ካልበለጠም የማን እንደሆነ መለየት ያዳግታል፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው አውራ ጎዳና ከተማውን ሰንጥቆ በሚያልፍበት በደሴ፣ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና በመጣ ቁጥር ልኬቱ ይበላሻል። ሌላው ችግር ደግሞ የወፍራም ድምፅ ጉዳይ ነው። በሕግ የተለመደው ልኬት የሰውን ጆሮ አሰማም ተከትሎ ወፍራሙን፣ የሚያጉረመርመውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቆጥራል። የሞተር ድምፅ ግን ብዙው ወፍራም ነው፤ ግድግዳ ዘልቆ የሚገባውም ይኸው ወፍራሙ ነው። ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ቁጥሩ ከወሰን በታች ነው ቢባልም እንቅልፉን ሊያጣ የሚችለው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል የመከረው የሌሊት ልክ 30 ዴሲቤል መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ግልጽ ይሆናል።

ታዲያ የዴሲቤል ወሰን ይጣል ማለቴ አይደለም። ቦታው ግን መንገድ ላይ ሳይሆን ፈቃድ መስጫው ጠረጴዛ ላይ ነው። በአሜሪካ አምራቾች የቅጠል ሞተርን በ15 ሜትር ርቀት ለክተው ቁጥሩን በመሣሪያው ላይ ስለሚለጥፉ፣ አንዳንድ ከተሞች «65 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በታች የሚል ምልክት የሌለው አይሠራም» ብለው ደነገጉ። በዚህ መንገድ አስከባሪው ድምፅ መለካቱን ትቶ ምልክት ማንበብ ብቻ ይበቃዋል። በጄኔሬተርም ላይ አምራቹ የለካው ቁጥር ብዙ ጊዜ በሰሌዳው ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። የንግድ ፈቃድ ሲወጣና ሲታደስ ይህን ቁጥር መመዝገብ በየጎዳናው መለኪያ ይዞ ከመዞር የተሻለ ነው። ክርክር ተነስቶ እውነተኛ ልኬት ሲያስፈልግ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በአቅራቢያ የሚገኝ የሙያ ተቋም ስለሆነ፣ ከተሞቹ ለየብቻቸው መሣሪያ ከሚገዙ ከእሱ ጋር በጋራ ቢዋዋሉ ወጪው ይቀላል።

የርቀትና የቦታ ገደብ

ሎስ አንጀለስ የመረጠችው መንገድ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ የቤንዚን ቅጠል ሞተር ከመኖሪያ ቤት በ500 ጫማ፣ ማለትም በ150 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ እንዳይሠራ ከለከለ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከላቲን አሜሪካ የመጡ አትክልተኞች ኑሯችን ተነካ ብለው በከተማው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የረኃብ አድማ አደረጉ። ደንቡ ሳይሻር ቆየ፣ መሣሪያውም ከሥራ አልወጣም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ሞተሩ በዚያች ከተማ እየተሰማ ኖሯል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። መሣሪያው በየሱቁ እየተሸጠ አጠቃቀሙ ብቻ ተከለከለ፤ ፖሊስ ደግሞ ለደቂቃዎች የሚሰማን ድምፅ እያሳደደ ለመያዝ ጊዜ አልነበረውም። የቅጣቱ ጫና ያረፈውም ሠራተኛውን ባሠማራው ባለቤት ላይ ሳይሆን ሞተሩን በተሸከመው ላይ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኛም ሊያሳስበን ይገባል፤ ተቀጥሮ ብረት የሚቆርጠውን ወጣት መቅጣት ፍትሕም ውጤትም አያመጣም።

በወሎ ከተሞች ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር ይራቅ ማለት ሥራውን ሙሉ በሙሉ መከልከል ነው፤ ሱቅና መኖሪያ በአንድ ግቢ ነውና። የርቀት ገደብ የሚጠቅመው በተለዩ ቦታዎች ዙሪያ ነው፦ በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት አካባቢ። በላሊበላ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ ጄኔሬተሮች በርቀት ቢወሰኑ ለምእመኑም ለጎብኚውም ይበጃል። የድምፅ ክልሉ በካርታ ተሥሎ በሰሌዳ ከተለጠፈ ጥሰቱን ማየት አያስቸግርም።

ስለ ደሴ አቀማመጥ የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከተማዋ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በሸለቆና በተዳፋት ላይ የተሠራች ናት። ከታች ያለ ሱቅ በጓሮው የቆርቆሮ አጥር ቢያቆም በዚያው ደረጃ ላለው ጎረቤት ትንሽ ይከልል ይሆናል፤ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ላለው ቤት ግን አንዳች አይከልልም፣ ድምፁ በአጥሩ አናት ላይ አልፎ በቀጥታ ይደርሰዋልና። ከዚህም በላይ ቀጭን ቆርቆሮ ቀላል ስለሆነ ድምፅ የማስቆም አቅሙ ደካማ ነው፤ ድምፅን የሚያስቆመው ክብደት ያለው ግድግዳ ነው፣ እንደ ድንጋይና ብሎኬት። ስለዚህ «ይከለል» ብቻ የሚል አንቀጽ ዋጋ የለውም፤ በምን፣ ምን ያህል ከፍታ፣ በየትኛው አቅጣጫ የሚለው መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያለ ማመንታት ልጻፍ። ድምፅ ይቀንስልኛል ብሎ ጄኔሬተርን በተዘጋ ክፍል፣ በመጋዘን ወይም በሱቅ ውስጥ ማስነሳት ሰው ይገድላል። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታና ቀለም የሌለው መርዝ ነው፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ድምፅን የሚገድብ ማንኛውም ደንብ በዚያው አንቀጽ ውስጥ «ጄኔሬተር ሰው ከሚኖርበትና ከሚሠራበት ክፍል ውጭ፣ አየር በሚገባበት ቦታ፣ የጭስ መውጫው ወደ በርና መስኮት ሳይዞር ይቀመጥ» ማለት አለበት። ይህን ሳይጨምር የሚወጣ የድምፅ ደንብ ነዋሪውን ከእንቅልፍ ማጣት አድኖ ለሞት ሊያጋልጠው ይችላል።

የመሣሪያ ገደብ

ዋሽንግተን ዲሲ ከሎስ አንጀለስ የተለየ መንገድ ያዘች። ምክር ቤቷ እ.ኤ.አ. በ2018 ያጸደቀው ሕግ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የቤንዚን ቅጠል ሞተርን መሸጥንም መጠቀምንም ከለከለ፤ በባትሪ የሚሠራውን ግን ፈቀደ። ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር ይደርሳል፤ ጥቆማው ከነዋሪው በፎቶ ወይም በቪዲዮ ተደግፎ ሊቀርብ ይችላል፣ የሚቀበለውም ፖሊስ ሳይሆን የንግድ ፈቃድና የሸማቾች ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው። ልዩነቱን ልብ ይሏል። ርቀት ይለካ፣ ድምፅ ይለካ የሚል ነገር የለም፤ መሣሪያው የቤንዚን ነው ወይስ የባትሪ የሚለውን ማንም ሰው በዓይኑ ይለያል። ሦስት ዓመት ያህል የመሸጋገሪያ ጊዜ ስለተሰጠም ነጋዴው አስቀድሞ መዘጋጀት ችሏል።

የካሊፎርኒያ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ2024 ምርት ጀምሮ አዳዲስ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች እንዳይሸጡ አድርጋለች፤ በእጅ ያሉት ግን መሥራት ይችላሉ። በዚህ ሕግ ውስጥ ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር የታየበት መንገድ ነው። ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ አስፈላጊ መሆኑ ታውቆ እስከ 2028 የረዘመ ጊዜ ተሰጥቶታል። በሥራው ለሚተዳደሩ የግቢ አጽጂዎችም መሣሪያ እንዲቀይሩ የሚረዳ 30 ሚሊዮን ዶላር ተመድቧል።

የወሎ ከተማ ምክር ቤት አስመጪን ወይም ጉምሩክን ማዘዝ አይችልም። የንግድ ፈቃድን በየዓመቱ ማደስ ግን በአካባቢው ጽሕፈት ቤት እጅ ነው፤ ይህም የመሣሪያ ገደብን ማስከበሪያ ከሁሉ የተሻለው በር ይመስለኛል። በመጀመሪያው ዓመት ማርሚታው (የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ) የተቀደደ ወይም የተነሳ ሞተር ፈቃድ እንዳያሳድስ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ በማየትም የሚለይ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት በመኖሪያ መንደር ውስጥ መከለያ የሌለው ጄኔሬተር ቀርቶ በታፈነው ወይም በባትሪና በኢንቨርተር እንዲተካ ማድረግ ይቻላል። አምፖል፣ ስልክ መሙያና የገንዘብ መመዝገቢያ ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሱቅ፣ መብራት ሲኖር የሚሞላ ባትሪ ድምፅም ጭስም የለውም፣ ቤንዚን ፍለጋ ከመሰለፍም ያድናል። የመግዣው ዋጋ ግን ከበድ ይላል፤ በአነስተኛና ጥቃቅን የብድር አቅርቦት በኩል ካልተደገፈ ደንቡ ያለውን ጠቅሞ የሌለውን ከገበያ ያስወጣል። ለመከለያ፣ ለማርሚታና ለንዝረት ማብረጃ ጎማ ሥራ ደግሞ በደሴ እንደ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ያሉ የሙያ ተቋማት ሠልጣኞቻቸውን ቢያሠማሩ ሥራውም ትምህርቱም በአንድ ላይ ይሄዳል።

የመሣሪያ ገደብ ለሁሉም ድምፅ እንደማይሆን መታወቅ አለበት። የብየዳ ቤቱ መቁረጫ በመብራት የሚሠራ ነው፤ የሚጮኸው ሞተሩ ብቻ ሳይሆን የሚቆረጠው ብረት ነው፣ እሱ ደግሞ በምንም ዓይነት መሣሪያ አይቀየርም። ለብየዳ ቤት የሚሆነው ሰዓትና ቦታ ነው። ወፍጮ መካከል ላይ ይቆማል፤ ከናፍጣ ወደ መብራት ሲዞር የጭስ መውጫው ድምፅ ይጠፋል፣ በመሬት የሚተላለፈው ንዝረት ግን ወፍጮው ከቤቱ መሠረት በተለየ መቆሚያ ላይ ካልተተከለ አይጠፋም።

ሙሉ ክልከላ

ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ካርሜል ቅጠል ሞተርን ስትከለክል መጥረጊያ ነበረ። ጄኔሬተር ሲከለከል የሚተካው የማይቋረጥ መብራት ነው፤ እሱ በሌለበት ክልከላው ሥራን ማቋረጥ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ መብራት በተቋረጠ ጊዜ ጄኔሬተር ምን ማለት እንደነበረ ነዋሪው አይረሳውም። በእኔ እምነት ሙሉ ክልከላ በዛሬው ሁኔታ ለወሎ ከተሞች አይመከርም፤ በሆስፒታልና በቅርስ ክልል ብቻ ቢወሰን ግን ተገቢ ነው።

የቅሬና የሽምግልና መንገድ

በወሎ ቅሬ ቀብርን ብቻ የሚያስፈጽም ማኅበር አይደለም፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ከፍ ያለ ጠብ ሲሆን የአበጋር (ባህላዊ የእርቅ) ሥርዓትም አለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ተቀላቅሎ በሚኖርበት በዚህ አገር፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና አቤት ባዩ ብዙ ጊዜ በአንድ ቅሬ ውስጥ ናቸው፤ ቡና እየተጣጡ የሚኖሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ከመቆማቸው በፊት በሰዓት ቢስማሙ ይሻላል። ፍጥነቱም ወጪ አልባነቱም ከሌሎቹ አማራጮች ሁሉ ይበልጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ የአካባቢውን ልማድ መመዘኛ ስላደረገ፣ በቅሬ የተጻፈ ስምምነት ኋላ በፍርድ ቤት ቢቀርብ እንደ ተራ ወረቀት አይታይም።

ይሁንና በእሱ ብቻ መደገፍ አደገኛ ነው። ተከራይና አዲስ መጪ በቅሬ ውስጥ ድምፁ አይሰማም። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውለው እናት፣ አራስና አልጋ የያዘ ሽማግሌ ድምፁን ከሁሉ በላይ ይሰማሉ፤ በስብሰባው ላይ ግን አይገኙም። ባለሀብቱ ለቅሬው ብዙ የሚያዋጣ ከሆነም ሰብሳቢዎቹ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ቅሬ የመጀመሪያው ደረጃ ይሁን፣ በ15 ቀን ውስጥ ስምምነት ካልመጣ ጉዳዩ በጽሑፍ ወደ ቀበሌ እንዲያልፍ ደንቡ ራሱ ይደንግግ።

ለየትኛው ከተማ የትኛው

ለደሴ የምመክረው የሰዓትና የመሣሪያ ገደብን አጣምሮ መያዝ ነው፤ ቤቱ የተጠጋጋ፣ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ ርቀትም መከለያም ብቻቸውን አይበቁም። በኮምቦልቻ ሁኔታው የተለየ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና ቀደምቶቹ ፋብሪካዎች ያሉባት፣ ከደሴ ዝቅ ብላ በሰፊው የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች፣ ለብየዳና ለእንጨት ሥራ የተለየ የሥራ ቦታ ማዘጋጀት የተሻለ ዕድል አለው፤ የሚነሱት ድርጅቶች ግን ከመነሳታቸው በፊት ቦታና መብራት የተሟላለት መጠለያ ማግኘታቸው መረጋገጥ አለበት። ወደ ዳር ተገፍተው ደንበኛ ያጡ ባለሙያዎች በስድስት ወር ውስጥ ወደ መንደር ይመለሳሉ። ላሊበላ የቦታ ገደብን ያስቀድም። እንደ ባቲና ሐይቅ ላሉ አነስተኛ ከተሞች የሰዓት ገደብና የቅሬ ስምምነት ለጊዜው ይበቃል፤ በባቲ የሰኞው ገበያ ቀን የተለየ ሰዓት ሊኖረው ይችላል።

የትኛውም ቢመረጥ ቅጣቱ በድርጅቱ ባለቤት ላይ እንጂ በተቀጣሪው ላይ እንዳይሆን፣ የመጀመሪያው ጥሰትም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲታለፍ ሆኖ ይጻፍ። አቤቱታ አቅራቢው የሚሞላው ቅጽ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፦ ቀንና ሰዓት፣ ድምፁ የቆየበት ጊዜ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቦታው፣ ሁለት ምስክሮች፣ ቢቻል ፎቶ። ጽሕፈት ቤቱ ቅጹን ሲቀበል ቁጥርና ቀን ጽፎ ቅጂውን ለአመልካቹ ይስጥ፤ በአዋጅ 300/1995 የተቀመጠው የ30 ቀን ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ቅጂ የሌለው አመልካች ፍርድ ቤት ሲደርስ ማመልከቱን ራሱ ማስረዳት ያቅተዋል።